ሐሳብ ከየት ይመጣል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ስለ ፈጠራ ሥራ ጥያቄ ያላቸው አንባቢያን እንዲጽፉልን ባለፈው እትም በጠየቅነው መሠረት በርካታ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ጸሐፊዎቹ ልቦለድ የሚጽፉ፣ ዜማ የሚደርሱ፣ ሥዕል የሚሥሉ ወይም በዲዛይን ሥራ የሚተዳደሩ ቢሆኑም የአብዛኞቹ ጭንቀት ተመሳሳይ ነው፤ ሐሳብ ሲጠፋ ምን ማድረግ ይሻላል? ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች አሰባስበን ከዚህ በታች አቅርበናል፤ ስም እንዳይጠቀስ የጠየቁ ስላሉ የሁሉንም ስም ትተነዋል።

ጥያቄ፦ *አጫጭር ልቦለዶች የመጻፍ ጽኑ ፍላጎት አለኝ። ማታ ከሥራ ተመልሼ ወረቀትና ብዕር ይዤ ብቀመጥም አንድም ሐሳብ አይመጣልኝም። ስለ ብቸኝነት መጻፍ እንደምፈልግ አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ግን ምንም የለኝም። ተሰጥኦ የሌለው ሰው በከንቱ እየደከመ መሆኑን በምን ያውቃል? እባክዎ ሳይደብቁ ይንገሩኝ።*

መልስ፦ በአንድ ደብዳቤ ተነሥቶ ስለ ተሰጥኦዎ መፍረድ የሚችል ሰው የለም፤ እርስዎም በራስዎ ላይ ባይፈርዱ ደግ ነው። ከደብዳቤዎ በግልጽ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። እርስዎ የያዙት ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ብቸኝነት በጣም ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ አእምሮ ሲያስበው የሚጨብጠው ነገር አያገኝም፤ ስለዚህም ወዲያና ወዲህ ሲል ይቆይና ደክሞት ይተወዋል። ይህ የማንም ሰው አእምሮ የሚያደርገው ነው። ርዕሱን አንድ ሰው በአንድ ቀን ወደሚያደርገው አንድ ድርጊት ካወረዱት ግን ሁኔታው ይለወጣል።

አብረን እንሞክረው። ብቸኛ ሰው ምን ይሰማዋል ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ የትም አያደርስዎትም። ይልቁንም ብቸኛ ሰው ሌላው ሰው የማያደርገውን ምን ያደርጋል ብለው ይጠይቁ። ለምሳሌ፣ ፀጉሩ ሳያድግ በየሳምንቱ ፀጉር ቤት የሚሄድ ሽማግሌ አለ እንበል። ለምን ይሄዳል? ምናልባት በሳምንቱ ውስጥ የሌላ ሰው እጅ የሚነካው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ብቻ ስለሆነ ይሆናል። ይህን ካሰቡ በኋላ ሌሎቹ ጥያቄዎች ሳይጠሯቸው ይመጣሉ። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ያውቃል ወይስ አያውቅም? የሚያውቅ ከሆነ፣ መቀሱን ከፀጉሩ በላይ በባዶው እያንቀሳቀሰ የሚቆርጥ ይመስላል? ገንዘቡንስ ይቀበላል? አንድ ቀን ሽማግሌው ሲመጣ ወንበሩ አጠገብ የማያውቀው ወጣት ቆሞ ቢያገኝ ምን ይላል? «ብቸኝነት» የሚለው ቃል በታሪኩ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ታሪኩ ስለ ብቸኝነት ይሆናል።

ይህን ያመጣነው በልዩ ኃይል አይደለም፤ የጥያቄውን መጠን በመቀነስ ነው። ጥያቄው ሲጠብብ አእምሮ ለዓመታት ያከማቸውን ይፈትሻል፤ ያየውን ፊት፣ የሰማውን ንግግር፣ የታዘበውን ልማድ ያወጣል። ሐሳብ ከምንም አይፈጠርም፤ ያለንን ነገር በአዲስ መልክ ማገናኘት ነው። ለዚህ የሚጠቀስ እውነተኛ ታሪክ አለ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1816 ክረምት፣ ገና በ18 ዓመቷ፣ በጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ከወዳጆቿ ጋር ሰንብታ ነበር። ሁሉም የየራሳቸውን አስፈሪ ታሪክ እንዲጽፉ ተስማሙ። እርሷ ግን የሚጻፍ ነገር አጣች፤ በየማለዳው «ታሪክ አገኘሽ ወይ?» እየተባለች ስትጠየቅ «አላገኘሁም» ብሎ መመለሱ ያሳፍራት እንደነበር በኋላ ራሷ ጽፋለች። በእነዚያ ባዶ በሚመስሉ ቀናት ግን ሥራ ፈትታ አልተቀመጠችም። ወዳጆቿ ስለ ሕይወት ምንነት፣ በድን በኤሌክትሪክ ኃይል ሊነቃ ይችል እንደሆነ ሲከራከሩ አጠገባቸው ሆና በጥሞና ታዳምጥ ነበር። ከእንዲህ ዓይነት ክርክር በኋላ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ ሲላት፣ ሠርቶ ካቆመው ፍጡር አጠገብ የተንበረከከ ተመራማሪ በዐይነ ኅሊናዋ ታያት። «ፍራንከንስታይን» የተባለው ልቦለዷ የተወለደው ከዚያ ነው። ፈጠራ ከባዶ ሳይሆን ከተዘበራረቀ ነገር እንደሚጀምር እ.ኤ.አ. በ1831 ዳግም ለታተመው መጽሐፏ በጻፈችው መግቢያ ላይ በግልጽ አስቀምጣለች።

ስለዚህ ማታ ከወረቀቱ ፊት ከመቀመጥዎ በፊት ቀኑን የሚያከማቹበት ያድርጉት። ሰዎች ሲነጋገሩ ያዳምጡ፤ ምክንያቱ ያልገባዎትን የሰው ድርጊት ሲያዩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመዝግቡ። ትርጉሙን አይጻፉ፤ ድርጊቱን ብቻ ይጻፉ። ማታ ሲቀመጡ ከባዶ ገጽ ጋር ሳይሆን ከእነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ጋር ይፋጠጣሉ።

ጥያቄ፦ *ዜማ እደርሳለሁ። መሣሪያዬን ይዤ ስታገል ያላገኘሁት ነገር በእግሬ ስሄድ፣ ዕቃ ሳጥብ ወይም እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ድንገት ይመጣልኛል። ጠዋት ስነሣ ግን የለም። ጓደኞቼ «ትግሉን ተወውና ሐሳቡ እስኪመጣ ጠብቅ» ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?*

መልስ፦ ጓደኞችዎ ከእውነቱ ግማሹን ይዘዋል፤ የቀረውን ግማሽ ስለተዉት ግን ምክራቸው ሊጎዳዎት ይችላል ብዬ እሠጋለሁ። የሚሉት ድንገተኛ መምጣት እውነት ነው፤ ብዙዎች ደርሶባቸዋል። ነገር ግን የሚመጣው አስቀድሞ ለታገለ ሰው ነው።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን ምስክር ሙዚቀኛ ሳይሆን የሒሳብ ሊቅ ነው። ፈረንሳዊው ኦንሪ ፖንካሬ እ.ኤ.አ. በ1908 ባደረገው ንግግር፣ በወጣትነቱ በአንድ የሒሳብ ችግር ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ተቀምጦ ሲታገል ምንም ውጤት ሳያገኝ እንደቆየ ተናግሯል። ኋላም የመጀመሪያውን ፍንጭ አግኝቶ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ለጂኦሎጂ ጥናት ጉዞ ወጣና ሒሳቡን ረሳው። ኩታንስ በምትባል ከተማ ወደ ሠረገላ ሊሳፈር እግሩን መወጣጫው ላይ ባሳረፈበት ቅጽበት፣ ሲፈልገው የነበረው ግንኙነት ሳያስበው ወለል ብሎ ታየው። ወሬውን ሳያቋርጥ ተሳፈረ፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን በእርጋታ ተቀምጦ አረጋገጠው። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲጠቅስ ሠረገላው ላይ ያቆማል። ፖንካሬ ግን አላቆመም፤ እንዲህ ያለው ድንገተኛ ብርሃን ፍሬ ቢስ የሚመስሉ የትግል ቀናት ካልቀደሙት እንደማይመጣ፣ ከመጣም በኋላ በንቃት የሚሠራ ሁለተኛ ሥራ እንደሚያስፈልገው አጥብቆ አሳስቧል። እንግሊዛዊው ግራሃም ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1926 ይህንኑ ሐሳብ አስፋፍቶ ሂደቱን በአራት ደረጃ ከፈለው፤ መዘጋጀት፣ ውስጥ ለውስጥ መብሰል፣ መገለጥና ማረጋገጥ። የዛሬ ተመራማሪዎች ደረጃዎቹ ይህን ያህል የተለያዩ ናቸው ወይ ብለው ይከራከራሉ፤ ለእርስዎ ግን የሚበቃ ካርታ ነው። ጓደኞችዎ የመከሩዎት ሁለተኛውን ብቻ ነው።

በእግር መሄዱን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ተሳታፊዎቹ ተቀምጠውና እየተራመዱ ለአንድ የተለመደ ዕቃ አዳዲስ አገልግሎቶችን እንዲያስቡ ሲጠየቁ፣ ሲራመዱ ያፈለቋቸው ሐሳቦች በአማካይ በ60 በመቶ ገደማ በልጠው ተገኝተዋል። የሚገርመው፣ ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት በተተከለ የመራመጃ ማሽን ላይ የተራመዱትም ተጠቅመዋል፤ ስለዚህ ጥቅሙ የመጣው ከመልክዓ ምድሩ ሳይሆን ከእርምጃው ነው ማለት ይቻላል። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ላለው ጥያቄ ግን መራመድ አልረዳም። ለዜማ ደራሲ ይህ ልዩነት ጠቃሚ ነው፤ አዲስ ዜማ ሲፈልጉ ይራመዱ፤ የተገኘውን ዜማ ስምምነቱን ሲያስተካክሉ ይቀመጡ።

የእንቅልፍ ዳሩም እንዲሁ በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በፓሪስ የተደረገ ጥናት ተሳታፊዎችን ስውር አቋራጭ ሕግ ያለው የቁጥር ሥራ ሰጣቸው፤ ከዚያም በመካከል ዐረፍ እንዲሉ አደረገ። በመጀመሪያው፣ እጅግ ቀላል በሆነው የእንቅልፍ ደረጃ 15 ሰከንድ ያህል እንኳ ከቆዩት መካከል 83 በመቶዎቹ ስውሩን ሕግ አገኙ፤ ነቅተው ከቆዩት ግን ያገኙት 30 በመቶዎቹ ናቸው። ጠለቅ ወዳለ እንቅልፍ ያለፉት ደግሞ ከነቁትም ባነሰ መጠን ነው ያገኙት። እዚህም ቢሆን ሁሉም አስቀድመው በሥራው ላይ ታግለው እንደነበር ልብ ይበሉ።

አሁን ወደሚያስጨንቅዎት ወደ ጠዋቱ እንምጣ። ኦቶ ሎዊ የተባለው የሕክምና ተመራማሪ ነርቮች ወደ ልብ መልእክት የሚያስተላልፉት በኬሚካል ሊሆን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. አካባቢ አስቦ ነበር፤ የሚያረጋግጥበት መንገድ ግን አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሌሊት ባንኖ የታየውን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ ተኛ። ሲነጋ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው! ቀኑን ሙሉ ተጨነቀ። በሚቀጥለው ሌሊት ያው ሐሳብ ተመልሶ መጣለት፤ ሎዊም ዳግመኛ ወረቀት አላመነም፤ ወዲያው ተነሥቶ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደና በእንቁራሪት ልብ ላይ ሙከራውን አደረገ። ለዚህ ግኝት እ.ኤ.አ. በ1936 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሐሳብ ሁለተኛ ጊዜ የሚመለሰው ግን ለጥቂቶች ነው። ስለዚህ ከመኝታዎ አጠገብ የድምፅ መቅጃ ያኑሩ፤ ስልክዎ ይበቃል። ዜማውን ብቻ አያንጎራጉሩ፤ «ይህ የመግቢያው ነው፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ያኛውን ያልጨረስኩትን ዘፈን ይመለከታል» ብለው በቃል ያስረዱ። ጠዋት የሚያዳምጡት ሌላ ሰው ነው ብለው ያስቡ፤ በሌሊት ግልጽ የሆነው ነገር በቀን ግልጽ አይሆንምና።

ጥያቄ፦ *አዲስ ነገር አሰብኩ ብዬ ስደሰት፣ ትንሽ ብፈልግ ሌላ ሰው አስቀድሞ ሠርቶት አገኛለሁ። ከሌሎች ሥራ ተነሥቼ ብሠራ ደግሞ ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል። ሙሉ በሙሉ የራስ የሆነ ሐሳብ አለ?*

መልስ፦ በሚፈልጉት መልኩ የለም፤ አለመኖሩም ሊያሳዝንዎት አይገባም ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1838 ስለ ሕዝብ ብዛት የተጻፈውን የማልተስ መጽሐፍ ሲያነብ፣ በሕይወት ለመቆየት የሚደረገው ትግል ዝርያዎችን እንዴት እንደሚለውጥ ተገለጠለት። ከ20 ዓመት በኋላ ሌላው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ በሩቅ ደሴቶች ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ሳለ ያንኑ መጽሐፍ አስታወሰና ወደዚያው ሐሳብ ደረሰ። የሁለቱም ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1858 ለንደን ውስጥ በአንድ ጉባኤ ላይ ቀረበ። ማልተስ የጻፈው ስለ ሰው ልጅና ስለ ምግብ ነበር። ሐሳቡን ከአንድ መስክ አንሥተው ወደ ሌላ መስክ ወሰዱት፤ አዲስነቱም ያለው በዚህ መሻገር ውስጥ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ዦርዥ ደ ሜስትራልም እ.ኤ.አ. በ1941 ከውሻው ጋር ሲንሸራሸር በልብሱና በውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀውን ጭጎጎት በማይክሮስኮፕ ባየ ጊዜ ጫፉ ላይ ጥቃቅን መንጠቆዎች አገኘ። ጭጎጎት በሰው ልብስ ላይ ሲጣበቅ የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ሌላው ሰው አራግፎት ያልፋል፤ እርሱ ግን ለምን ይጣበቃል ብሎ ጠየቀና ቬልክሮ የምንለውን ማያያዣ ሠራ።

በስርቆትና በመነሻነት መካከል ያለው ድንበር በተግባር ለመለየት የሚከብድ አይደለም። ከአንድ ሰው ሥራ ውጫዊ መልኩን ወስደው የራስዎ ነው ብለው ካቀረቡ ስርቆት ነው። ያ ሰው ችግሩን የፈታበትን መንገድ ተረድተው በሌላ ችግር ላይ ከሞከሩት ግን ትምህርት ነው፤ ምንጭዎን ደግሞ ሳያፍሩ ይናገሩ። ከአንድ ሰው ብቻ የሚማር ሰው አስመሳይ ይሆናል፤ ከብዙዎች፣ በተለይም ከእርስዎ ሙያ ውጪ ካሉ ሰዎች ከተማሩ ግን ቅልቅሉ የእርስዎ ብቻ ይሆናል፤ እነዚያን ሁሉ አንድ ላይ ያነበበና ያየ ሌላ ሰው የለምና። አስቀድሞ የተሠራ ሲያገኙም አይጣሉት። ያ ሰው ምን አላደረገም? የት ላይ አቆመ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በጽሑፍ ሳይመልሱ ሐሳብዎን አይተዉት።

ጥያቄ፦ *በዲዛይን ሥራ እተዳደራለሁ። ርዕሱን የሚመርጠው ደንበኛው ነው፤ ቀኑንም የሚወስነው እርሱ ነው። በትዕዛዝና በጊዜ ገደብ ውስጥ እውነተኛ ፈጠራ ሊኖር ይችላል? ስሜቱ ሳይኖረኝ የሠራሁት ሁሉ የሞተ ይመስለኛል።*

መልስ፦ ፓብሎ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በጥር 1937 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ግዙፍ ሥዕል እንዲሠራ ከስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት ታዝዞ ነበር። ለወራት የረባ ነገር አላገኘም፤ ያሰበውም የሠዓሊ ክፍልን ነበር። ሚያዝያ 26 ጌርኒካ የተባለችው የስፔን ከተማ በአውሮፕላን ተደበደበች። በግንቦት የመጀመሪያ ቀን የመጀመሪያዎቹን ንድፎች ነደፈ፤ በሰኔ መጀመሪያ 3.5 ሜትር ያህል ቁመትና ከ7.5 ሜትር በላይ ስፋት ያለው «ጌርኒካ» የተባለው ሥዕል ተጠናቀቀ። ትዕዛዙም፣ ስፋቱም፣ የመክፈቻው ቀንም ከውጭ የመጡ ናቸው። የሚበልጠው ትምህርት ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ሥዕሉ በተለያየ ደረጃ ላይ እያለ በፎቶግራፍ ተነሥቷልና ፒካሶ ምን ያህል ነገር እንዳጠፋና እንደቀየረ ዛሬም ማየት ይቻላል። ወደ ላይ የተነሣ የተጨበጠ እጅ ታየ፤ ከዚያ ጠፋ፤ ፈረሱም ቦታና አቋሙን ለወጠ። ስሜቱ ነበረው፤ ሥዕሉ ግን በስሜቱ ብቻ አልተፈጸመም።

ስሜት ሳይኖር መሥራትን በተመለከተ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1878 በገንዘብ ትደግፈው ለነበረችው ለናዴዥዳ ፎን ሜክ በጻፈው ደብዳቤ ላይ መነሣሣትን ሰነፎችን መጎብኘት ከማይወድ እንግዳ ጋር አመሳስሎታል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ብዙ ጊዜ ስሜቱ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው የሚመጣው። የደንበኛዎን ትዕዛዝ ሲቀበሉ የመጀመሪያዎቹን ንድፎች ለመጣል ብለው ይሥሩ። ቀድመው የሚመጡት ሁሉም ሰው የሚያስባቸው ናቸው፤ በወረቀት ላይ ካላወጧቸው ግን ከአእምሮዎ አይወጡም። በጣም የሚያስቸግርዎትን ገደብ ለይተው ደግሞ ሥራውን ከእርሱ ይጀምሩ። ሁለት ቀለም ብቻ ከተፈቀደ፣ በሦስት ቀለም ሊሠራ የማይችል ምን ነገር በሁለት ይሠራል ብለው ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ሲደክምዎት «ስሜቱ የለኝም» የሚሉት ነገር የእንቅልፍ ማጣት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መፍትሔው ጥበብ ሳይሆን መኝታ ነው።

ጥያቄ፦ *የእኔ ችግር የሌሎቹ ተቃራኒ ነው። ሐሳብ አይጎድለኝም፤ ማስታወሻ ደብተሬ ሞልቷል። ነገር ግን አንዱን ስጀምር ሌላው ይበልጥ ያጓጓኛል፤ እስካሁን ምንም አልጨረስኩም። የትኛውን ልያዝ?*

መልስ፦ የትኛው ሐሳብ ይበልጣል በሚለው አይምረጡ፤ ያልተጀመረ ሐሳብ ሁልጊዜ ከተጀመረው ይበልጣል፤ ጉድለቱ ገና አልታየምና። ደብተርዎን ከመጀመሪያው ገጽ ያንብቡና በተለያየ ቃል ደጋግመው የጻፉትን ይፈልጉ። ለወራት ሳይለቅዎት ተመላልሶ የመጣው እርሱ ነው፤ እርሱን ይያዙ። ከዚያም የሚጨርሱትን ያህል ይቀንሱት፤ ረጅም ልቦለድ ከነበረ አንድ ትዕይንት፣ ሙሉ አልበም ከነበረ አንድ ዘፈን ያድርጉት። በመካከል አዲስ ሐሳብ ሲያጓጓዎት በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝግበው ወደ ያዙት ይመለሱ። ይህ ጉጉት ብዙውን ጊዜ የሚበረታው የተያዘው ሥራ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ በመጣ ቁጥር ከደብተሩ ጎን የትኛው ዓረፍተ ነገር ወይም የትኛው መሥመር ላይ እንደነበሩ ይጻፉ። የጀመሩትን ሲጨርሱ ምን እንደሆነና የት የት ላይ እንዳስቸገረዎት ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን።